ከልጆቻችን ጋር ወደ አርብ ገበያ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል ለጎልማሳ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር እንጂ በሕፃናትም ላይ የሚሠራ መሆኑን የተረዳነው በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። በዚያን ጊዜ 8 ዓመት ሆኗት የነበረችው የመጀመሪያ ልጃችን ወንዝ ሥላ እንድትመጣ ከትምህርት ቤት ታዝዛ፣ ማታ ከራት በኋላ በጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትሥል ጀመረች። ስትጨርስ ብናየው ተራራው ራሱ ላይ በረዶ የደፋ፣ ዛፉም እንደ ጦር የሾለ፣ ከወንዙ ዳር የቆመውም አውሬ ድብ ሆኖ አገኘነው። «ልጄ፣ ይህን የመሰለ ወንዝ የት አየሽ?» ብንላት «በመጽሐፍ» ስትል መለሰች። ጥቂት ዝም ብላም «እናንተስ የት አይታችኋል?» ብላ ጠየቀችን።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ይህን የምንጽፈው እኛ፣ የቤቱ አባወራ፣ የተወለድነው በደቡብ ጎንደር፣ በታች ጋይንት ወረዳ፣ ከአርብ ገበያ ከተማ በእግር ጥቂት በሚያስኬድ ርቀት ላይ በምትገኝ መንደር ነው። እስከ 12 ዓመታችን ድረስም ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚያወርደው አፋፍ ላይ ፍየልና በግ ስንጠብቅ አድገናል። ልጆቻችን ግን የተወለዱት በአዲስ አበባ፣ በጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለእነርሱ ውኃ ማለት ከቧንቧ የሚወርድ፣ ቧንቧውም በደረቀ ጊዜ በጀሪካን ከታች የሚመጣ ነገር ነው። ወንዝን እናውቃለን የምንል ሰዎች ለገዛ ልጆቻችን አንድ ቀን እንኳ ሳናሳያቸው መቅረታችን በዚያች ማታ ታወቀን።

እርግጥ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን ለምን እንደሚያውለው አንባቢ አይስተውም። ወይ የዘመድ ሠርግ፣ ወይ ተዝካር፣ ወይ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ወይ የቤት ጥገና ይበላዋል። አገር ለማየት ብሎ ቤተ ሰቡን አስከትሎ የሚነሣ ሰው ገንዘብ የተረፈው ወይም ሥራ የፈታ ይመስላል። እኛም በመዝገብ ቤት ተቀጥረን ባገለገልንባቸው ዓመታት ሁሉ ከዚህ ልማድ አልወጣንም ነበር። የልጆቹ እናት ግን ሥዕሉን አንሥታ ካየችው በኋላ «ድቡን ከመጽሐፍ አውቃ፣ የአባቷን አገር ጭላዳ ሳታይ ልታድግ ነው» አለች። ስለዚህ ጥምቀት አልፎ ትምህርት ቤቱ ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት በተዘጋ ጊዜ የ10 ቀን ፈቃድ ጠይቀን፣ ሴት ልጃችንን፣ የ6 ዓመት ወንድሟንና የ4 ዓመት ታናሻቸውን ይዘን ተነሣን።

የመጀመሪያውን ቀን የዓባይን በረሓ ተሻግረን ባሕር ዳር አደርን። በማግሥቱ የፎገራን ሜዳ አቋርጠን፣ ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን፣ ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩትን ወደ ወልድያ የሚያደርሰውን መንገድ ያዝን። ደብረ ታቦር ስንደርስ ዐፄ ቴዎድሮስ በአቅራቢያው በምትገኘው በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ እንዳሠሩ፣ ያም መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ በጋይንት በኩል እስከ መቅደላ ድረስ እንደ ሄደ ለልጆቹ ነገርናቸው። ወንዱ ልጅ በመስኮት ወደ ገደሉ አይቶ «መንገዱስ?» አለ። «መንገዱንም እየጠረጉ ነበር የሄዱት» ስንለው እስከ ክምር ድንጋይ ድረስ ቃል አልተናገረም።

ከደብረ ታቦር በላይ የጉና ተራራ ይታያል። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት ብርዳም አገር ነው። ቀይ ቀበሮ ቀድሞ በዚህ ተራራ ይኖር ነበር፤ እርሻው ሽቅብ እየወጣ ሣሩንና አይጡን ሲያጠፋበት ግን በእኛው ዕድሜ ከጉና ጠፍቷል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከዚህ ፈልቀው ወደ ጣና ይገባሉ። ከጉና ወደ ምሥራቅ በተዘረጋው የጋይንት ደጋ ደግሞ በሰሜን በኩል የዘነበው ውኃ ወደ ተከዜ፣ በደቡብ በኩል የዘነበው ወደ በሽሎ ይወርዳል። ልጁ ይህን ሲሰማ «አንድ ላይ የዘነቡት ጠብታዎች ተለያይተው ሊቀሩ ነው?» ብሎ አዘነ። እኛም በሽሎ ዓባይን እንደሚቀላቀል፣ የጣናም ውኃ በዓባይ እንደሚወጣ፣ ተከዜም አትባራ ተብሎ በሱዳን ምድር ከዓባይ ጋር እንደሚገናኝ አስረዳነው። «እንግዲያው መንገድ ነው የተለያዩት» ብሎ ተጽናና።

አርብ ገበያ የደረስነው ሐሙስ ማታ ነው። በማግሥቱ ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት የዐርብ ገበያ ዋለ። ከደጋው ገብስና ድንች፣ ከቆላው ማሽላና ፍየል ሲመጣ፣ ማሩ፣ በርበሬው፣ ጌሾው በየረድፉ ሲሰለፍ ልጆቹ አዩ። የማገዶውና የከሰሉ ተራም አልቀረም። በዚያን ጊዜ አስተውለን ሳንመለከተው አለፍን።

የልጆቹ አያት፣ አባታችን፣ በልጅ ልጆቻቸው መምጣት እጅግ ደስ አላቸው። የመጣንበትን ምክንያት በሰሙ ጊዜ ግን ግራ ገባቸው። «ገደል ለማየት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችሁት?» አሉ። ቅዳሜ ማለዳ ወደ ቆላው ቁልቁል እንደምንወርድ ስንነግራቸው፣ የጎረቤት ልጅ የሆነ የ10 ዓመት እረኛ ጠርተው እንዲመራን አዘዙት። ለእኛም «ፀሐይዋ ሳትበረታ ተመለሱ፤ ሕፃን ይዛችኋል» ብለው አስጠነቀቁን። እኛ ግን ያደግንበትን ተዳፋት በሕፃን እረኛ መመራት ጥቂት አሳፍሮን ነበር።

መንገዱ ላይ የምናገኘው ሰው ሁሉ ሰላምታ ሰጥቶ ሲያበቃ «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» እያለ ይጠይቀን ጀመር። ለካ በዚያ አገር ሰው ቤተ ሰቡን ይዞ ገደል ለገደል የሚሄደው ከብት ሲጠፋበት ነው። «ምንም አልጠፋብንም፤ ልጆቹ አገሩን እንዲያዩ ነው» ስንላቸው በትሕትና ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። አንድ አዛውንት ግን ቆም ብለው ልጆቹን ተራ በተራ ካዩ በኋላ «መልካም ነው፤ የሚያዩት ሳያልቅ» አሉን።

ጠዋቱ ደስ የሚል ነበር። ከአፋፉ ላይ የጭላዳ መንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ አገኘን። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ፣ ሌሊቱን በገደል ግንብ ላይ አድሮ ቀኑን ሣር እየበላ የሚውል እንስሳ ነው። ትንሹ ልጅ የአውራውን ደረት ቀይ ሆኖ ሲያይ የቆሰለ መስሎት «ሐኪም ይጠራለት» አለ። እረኛው እየሳቀ ተፈጥሮው መሆኑን ነገረው። ከዚያም ሽኮኮው ከድንጋይ ሥር ብቅ ሲል፣ ቆቋ ጫጩቶቿን ይዛ ስትሮጥ፣ ጆፌ አሞራው ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ከሥራችን ሲያንዣብብ ልጆቹ በገዛ ዐይናቸው አዩ። አሞራን ከላይ ሆኖ ጀርባውን ማየት ለእነርሱ ታላቅ ነገር ነበር።

ሴት ልጃችን ደብተር ይዛ የዛፉን ሁሉ ስም ትጽፍ ስለ ነበር እኛ እንነግራት ጀመር። አንዱን ቁጥቋጦ «ይህ አጋም ነው» አልናት። እረኛው ልጅ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ዝም አለ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ግን ወደ እናትየዋ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ጋሼ አጋም ያለው ደደሆ ነው፤ አጋም እሾህ አለው» ብሎ በሹክሹክታ ነገራት። ልጃችንም አጋም ያለችውን ሠርዛ ደደሆ ብላ ጻፈች። በመዝገብ ቤት አንድ ፋይል ከቦታው ቢሳሳት የምንቈጣ ሰዎች፣ የተወለድንበትን ተዳፋት መዝገብ እንደዚህ አበላሽተነው ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በልጅነታችን ፍየሎቻችንን የምናጠጣበት ምንጭ ከታች እንደ ነበረ ትዝ አለን። በወይራና በብሳና የተከበበ፣ በበጋም የማይደርቅ፣ ውኃው ጥርስ የሚያደነዝዝ ምንጭ ነበር። «እዚያ ደርሰን፣ ውኃ ጠጥተን፣ ምሳ በልተን እንመለስ» አልን። እረኛው «ጋሼ፣ እዚያ ውኃ የለም» ቢለንም አላመንነውም። ውኃ ሰውን እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ሁሉ ቁልቁለትም እንዲሁ ነው፤ ሲወርዱት ይቀላል። እያንዳንዱ 1,000 ሜትር ቁልቁለት ሙቀቱን በ6 ዲግሪ ያህል እንደሚጨምረው በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በዚያች ሰዓት ግን አላስታወስነውም። የያዝነውንም ውኃ ከምንጩ እንሞላዋለን በማለት ለልጆቹ እጅና ፊት መታጠቢያ አደረግነው።

ከሥፍራው ስንደርስ ምንጩ የለም። ወይራውም ብሳናውም የለም። የደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀበት ጎድጓዳ መሬት፣ ዙሪያውንም ጎርፍ የሸረሸረው ነጭ ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። ሰዓቱ ወደ 6 ሰዓት ተጠግቶ ነበርና ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ጥላ የሚባል ነገር አልነበረም። ሽቅቡን መመለስ ከጀመርን ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ትንሹ ልጅ መናገር አቆመ። ቀጥሎ አስመለሰው። ብናቅፈው ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ላቡም ደርቋል። የልጆቹ እናት አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችም፤ ነጠላዋን በራሱ ላይ ዘርግታ ወደ እኛ ስትመለከት ግን ያየነውን ፊት እስከ ዛሬ አንረሳውም። ያን ጊዜ የተሰማንን ፍርሃት ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋልና አናበዛውም።

ያዳነን ያ እረኛ ልጅ ነው። «ወደ ላይ አይሆንም፤ በጎን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንሂድ» አለ። የሴት ልጃችንን እጅ ይዞ በገደሉ ወገብ ላይ እኛ መንገድ መሆኑን እንኳ ባላወቅነው የፍየል ዱካ መራን። ኩርባውን ስንዞር በዚያ በተራቆተ ተዳፋት መካከል ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ደን ታየን። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ዙሪያዋን የድንጋይ ካብ፣ ከካቡም ውስጥ ጽድ፣ ወይራና ዋንዛ ሞልቶበታል። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም የምትገኝበት አገር ነውና በየደብሩ የዜማ ተማሪ አይጠፋም። አንድ የቆሎ ተማሪ ልጁን ከእጃችን ተቀብሎ ጥላ ውስጥ አስተኛው። አንዲት እማሆይም ከዛፎቹ ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ በቅል ቀድተው መጡ። «ልጄ፣ አትደንግጪ፤ ባንዴ አታጠጪው» እያሉ እናቲቱን አጽናኑ። ነጠላውን ነክረው ልጁን አቀዘቀዙት፤ ቀጥለውም ጨው ጣል ያለበት የበሶ ብጥብጥ ጥቂት በጥቂት አቀመሱት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዐይኑን ገልጦ «ጭላዳውስ?» ሲል እናትየዋ ያን ጊዜ አለቀሰች።

እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለን ያየነውን ማሰብ ጀመርን። አንድ ተዳፋት ነው፤ አንድ ዝናብ ነው የሚዘንበው። ከካቡ ውጭ ምንጩ ደርቋል፤ ከካቡ ውስጥ ግን ይፈልቃል። ዛፍ ባለበት ዝናቡ በቅጠልና በሥር እየተያዘ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ዛፍ በሌለበት አፈሩን ይዞ ወደ በሽሎ ይሄዳል። በኋላ እመጓ በተባለው መጽሐፋቸው የታወቁት የደን ምሁር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ሰፊ ጥናት አድርገዋል። ከዚህ ሥራ የምንረዳው ነገር ቢኖር፣ ከብት ከገባ የበቀለው ችግኝ እንደሚበላ፣ የድንጋይ ካብ ካለ ግን ደኑ ራሱን መተካት እንደሚችል ነው። ያች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ይህን ያደረገችው ያለ ምሁር ምክር ነው።

ማታ ቤት ገብተን ልጆቹ ከተኙ በኋላ አባታችን ይቈጡናል ብለን ስንጠብቅ ዝም አሉ። እኛም ዝምታውን ለማቋረጥ «ያን የመሰለ ምንጭ ምን አደረቀው? ዛፉንስ ማን ቈረጠው?» ብለን ጠየቅን። አባታችን እሳቱን እየቆሰቆሱ፦

«እኔ ነኝ የቈረጥኩት» አሉ። «አንተ ከተማ ገብተህ ስትማር የቤት ኪራይ፣ ደብተር፣ ጋዝ ያስፈልግህ ነበር። ዓመቱ ደግሞ ክፉ ነበር፤ የምንሸጠው እህል አልነበረንም። ወይራውን ከሰል አድርጌ ዐርብ ዐርብ አወጣሁት። የአንድ ዓመት ኪራይህ ሁለት ወይራ ይፈጅ ነበር። ጎረቤቱም እኔን አይቶ የቀረውን ጨረሰው።»

እኛ መልስ አልነበረንም። የ12ኛ ክፍል የምስክር ወረቀታችን በመስተዋት ተከቶ በአዲስ አበባ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከእርሱ የተነሣ ሥራ አገኘን፤ ከሥራውም የተነሣ ልጆቻችንን በመጽሐፍ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አስገባን። ያ ወረቀት የተገዛው ልጃችን በውኃ ጥም ሊሞትበት በነበረው ሥፍራ መሆኑን ግን እስከዚያች ማታ ድረስ የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ለልጆቹ እንንገራቸው ወይስ አንንገራቸው በሚል እኛና እናትየው ሌሊቱን ስንመካከር አድረን፣ ጠዋት ለትልቋ ልጃችን ነገርናት። እርሷም ደብተሯን ይዛ ወደ አያቷ ሄደችና «አባባ፣ ስንት ዛፍ ነበረ?» ስትል ጠየቀች። አባታችን በጣታቸው እየቈጠሩ፣ ንብ የሰፈረበትን ብሳና፣ መብረቅ የመታውን ወይራ፣ ከድንጋዩ ላይ ያጋደለውን ዋንዛ፣ እያንዳንዱን ከነቆመበት ቦታ አስታውሰው 14 ዛፍ አስመዘገቧት። ከሞተ ዘመድ አንዱን እንኳ እንደማይረሱ ሁሉ እነዚህንም አልረሷቸውም ነበር።

በጋ ስለ ነበረ ያን ጊዜ መትከል አልተቻለም። ሐምሌ ላይ ግን ለ4 ቀን ብቻችንን ተመልሰን፣ ጎረቤቱ በደቦ ወጥቶ ቦታውን በድንጋይ ካብ አጠረልን፤ በእያንዳንዱ ዛፍ ፈንታ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው 28 ችግኝ ተከልን። በመላው አገር የአረንጓዴ አሻራ ተከላ የተደረገውም በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። መትከሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከብት እንዳይገባ ካቡን መጠበቅ ግን የዓመታት ሥራ መሆኑን አባታችን ደጋግመው ነግረውናል። ጥበቃውን ለዚያ እረኛ ልጅ አደራ ሰጡት፤ እኛም በየጊዜው የደብተሩንና የዩኒፎርሙን ዋጋ ልንልክለት ቃል ገባን።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ጋይንት ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት አግኝቶታል። በዚህ ምክንያት ልጆቹን መልሰን ልንወስዳቸው አልቻልንም። ስልክ በሠራ ቁጥር የምንጠይቀው መጀመሪያ የሰዎቹን ደኅንነት፣ ቀጥሎም የዛፎቹን ነው። እስካሁን 17 ችግኝ ጸድቋል። ምንጩ አልተመለሰም፤ ነገር ግን ቀድሞ መስከረም ላይ የሚደርቀው ጎድጓዳ አሁን እስከ ኅዳር ድረስ እርጥብ ሆኖ እንደሚቆይ አባታችን ነግረውናል። እረኛው ልጅ ጎረምሳ ሆኗል፤ ትምህርቱ በየጊዜው እየተቋረጠበት እንኳ አልተወውም።

ይህን ለአንባቢ ያቀረብነው ተክለናል ለማለት አይደለም፤ 17 ችግኝ የሚያስመካ አይደለም። ከጋይንት ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በበሽሎ ወደ ዓባይ ይገባል፤ በዓባይም አድርጎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ መንደር ብቻ አይደለም። ለሥራ ባልደረቦቻችንና ለመምህራን ልንል የምንወደው ግን ይህን ነው። የዓመት ፈቃዳችሁን ሰላም በሆነበት ሥፍራ ሁሉ አንድ ጊዜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የተወለዳችሁበትን ምድር ለማየት አውሉት። ውኃ በብዙ ያዙ፤ ማለዳ ውጡ፤ የአገሩን ልጅ ከፊት አስቀድሙ፤ ሲናገርም ስሙት። ማታም ወላጆቻችሁን ለትምህርታችሁ ምን እንደ ተሸጠ ጠይቋቸው። በሬ፣ ቀለበት ወይም ዛፍ ሊሆን ይችላል። የሚቈጠር ነገር ነውና ልጆቻችሁ ይመዝግቡት።

ትንሹ ልጃችን አሁን 11 ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ጭላዳውንና የእማሆይን በሶ ብቻ ነው። እኅቱ ግን ደብተሩን እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች፤ ዛፉ በጸደቀ ቁጥር ምልክት ታደርግበታለች። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደ ተባለው፣ ልጆቻችን አሁን ያዩት አገር አላቸውና ጥር በደረሰ ቁጥር «መቼ ነው የምንሄደው?» እያሉ ይጠይቁናል።